ስማቸውን አወቅሁ፤ ነገራቸው ግን አልገባኝም

ጥያቄ፦

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። እኔ የ36 ዓመት ሴት ነኝ። በሂሳብ ሥራ እተዳደራለሁ፤ የምኖረውም አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያደግሁት ግን በደጋ አገር፣ ገጠር ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ገበሬ ነበር። ከደጃፉ ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ የወፍ ድምፅ ይሰማና «ከአጥሩ ሥር እባብ አለ፤ ልጆቹን መልሷቸው» ይል ነበር፤ ሄደን ስናይ እባቡ አለ። አንዳንዴም «በታች በኩል ሰው እየመጣ ነው» ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ እንግዳ ይደርሳል። ልጅ ስለ ነበርሁ ከየት እንዳወቀው አልጠየቅሁትም። ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ባለፈው ዓመት ባይኖኩላርና ሥዕል ያለው የወፎች መጽሐፍ ገዛሁ፤ በስልኬም ድምፅ ሰምቶ ስም የሚናገር መተግበሪያ ጫንሁ። አሁን ወደ ስድሳ የሚሆኑ ወፎችን በስማቸው አውቃለሁ፤ አባቴ ያውቅ ከነበረው ግን አንዱንም አላውቅም። እናቴ አሁንም አገር ቤት ናት፤ ጉጉት ፍለጋ እንዳልወጣ በስልክ ትቆጣኛለች። ከተማ ተቀምጬ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ የወፎችን ጠባይ መማር ይቻለኛል? ከየትስ ልጀምር?

የአባቷ ልጅ፣ ከሰሚት

መልስ፦

ውድ የአባቷ ልጅ፣

ደብዳቤዎን ካነበብሁ በኋላ ሁለት ቀን መልስ ሳልጽፍ ቆየሁ፤ ምክንያቱም የጠየቁኝ ነገር እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት መንገድ የሳትሁበት ነው። አስቀድሜ ቀጥተኛውን መልስ ልስጥዎት፦ ይቻልዎታል፤ ከተማ መኖርዎም ዕድሜዎም አያግድዎትም። የሚያግድዎት ነገር ካለ ስም የመሰብሰቡ ልማድ ነው፤ ስለዚህ ለሦስት ወር ያህል መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ፣ ባይኖኩላሩንም ከነመያዣው እንዲተዉልኝ እለምንዎታለሁ።

ስም ማወቅ ጥፋት ነው አላልሁም፤ ስድሳ ወፍ ለይቶ ማወቅ ብዙ ትዕግሥት የጠየቀ ሥራ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ችግሩ ስሙ እንደ ተገኘ ዓይናችን ከወፉ ላይ መነሣቱ ነው። «ይህችን አውቃታለሁ» ብለን ወደ ሌላዋ ስንዞር፣ ያቺ የተውናት ወፍ ምን እየበላች እንደ ነበረ፣ ከማን ጋር እንደ ነበረች፣ ለምን አንገቷን ቀና አድርጋ በድንገት ዝም እንዳለች ሳናይ እንቀራለን። አባትዎ ምናልባት የብዙዎቹን ወፎች ስም አያውቁ ይሆናል፤ ያውቁት የነበረው የደጃቸውን የዘወትር ድምፅ ነው። ጓሮው ደኅና ሲሆን፣ ከብቱም ሰዉም በየቦታው ሲሆን፣ ወፎቹ በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚውሉ ለዓመታት ሳይቸኩሉ ሰምተዋል፤ ስለዚህም ያ ድምፅ በትንሹ እንኳ ሲለወጥ፣ በነጭ ነጠላ ላይ እንደ ወደቀ የወጥ ጠብታ ወዲያው ይታወቃቸው ነበር።

የእባቡን ነገር ላስረዳዎት። ትናንሽ ወፎች መሬት ላይ ወይም ቁጥቋጦ ውስጥ እባብ፣ ድመት ወይም ቀን ቀን የምትተኛ ጉጉት ሲያገኙ ብዙ ጊዜ አይሸሹም፤ ይልቁንም ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለሉ፣ ጅራታቸውን እያወራጩ፣ አጭርና ሻካራ በሆነ ድምፅ ሳያቋርጡ ይጮኹበታል፤ ጩኸቱን የሰሙ ሌሎች ወፎችም፣ ዘራቸው የተለየ ቢሆን እንኳ፣ ተጠራርተው ይመጣሉ። አድፍጦ የሚያድን እንስሳ አንዴ ከታወቀበት ማደኑ ስለማይሆንለት ብዙውን ጊዜ ቦታውን ለቆ ይሄዳል። ይህ ጩኸት ከየት እንደሚመጣ ለማንም ጆሮ ግልጽ ነው፤ የወፎቹም ፍላጎት ጎረቤቱ ሁሉ ቦታውን እንዲያውቀው ነው። አዳኙ በሰማይ የሚመጣ አሞራ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል፦ አንዲት ወፍ ቀጭን፣ ከፍ ያለና የተሳበ ድምፅ ታሰማለች፤ ከዚያ በኋላ ግቢው በሙሉ ጸጥ ይላል። ያ ቀጭን ድምፅ ከየት እንደ መጣ ለመለየት ያስቸግራል። ፒተር ማርለር የተባለው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጽሑፍ ምክንያቱን ገልጾታል፤ ድምፁ በድንገት ሳይጀምርና በድንገት ሳይቆም በአንድ ቀጭን ቃና ስለሚሳብ፣ ጆሮ አቅጣጫ የሚለይበትን ምልክት ያጣል። በዚህ መንገድ ወፊቱ ራሷን ለአሞራው ሳታጋልጥ ጎረቤቶቿን ታስጠነቅቃለች። አባትዎ የሰሙት የመጀመሪያውን ዓይነት ጩኸት፣ ያውም ከአጥሩ ሥር ከአንድ ቦታ የማይነሣውን ነው።

የእንግዳውም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በመንገድ ዳር መሬት ላይ የሚለቅሙ ወፎች ሰው ሲቀርባቸው በየተራ ይነሣሉ፤ ከታች ያሉት ተነሥተው ሲጮኹ ከላይ ያሉት መልቀማቸውን ትተው ቀና ይላሉ። አባትዎ ሲኒያቸውን ይዘው ያዩት የነበረው ይህን ከዳገቱ ሥር ወደ ላይ እየገሠገሠ የሚመጣ ሁከት ይመስለኛል።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ ከዶሮ ይጀምሩ እላለሁ። ባለፈው የካቲት ቢሾፍቱ ዘመዶቼ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሰባት ጫጩቶች አስከትላ የምትጭር አንዲት ገብስማ ዶሮ ስመለከት አረፈድሁ። ስትጭር ዝቅ ባለ ድምፅ ሳታቋርጥ ትንጎራጎራለች፤ ጥሬ ስታገኝ ድምፁ ይፈጥንና ጫጩቶቹ ወደ ምንቃሯ ይሮጣሉ። በድንገት አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዓይኗ ወደ ሰማይ ተመለከተች፤ የዶሮ ዓይኖች በራሷ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ወደ ላይ የምታየው እንዲህ ጠምዘዝ ብላ ነው። እኔም ዓይኗን ተከትዬ ቀና ስል በደመናው ሥር የሚዞር አንድ ነጥብ አየሁ፤ ጭልፊት መሆኑን ያወቅሁት ዝቅ ብሎ የተሰነጠቀ ጅራቱን ካሳየኝ በኋላ ነው። እርሷ ግን ከእኔ አስቀድማ አንድ ጊዜ የተሳበ ድምፅ አሰምታ ነበር፤ ጫጩቶቹም መሬት ላይ ተለጥፈው አንዳቸውም ሳይንቀሳቀሱ ቀሩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የጎረቤት ድመት በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። በዚህ ጊዜ ዶሮዋ ያሰማችው ድምፅ ፈጽሞ ሌላ ነበር፤ ተቆራርጦ የሚደጋገም፣ እየጨመረ የሚሄድ ካካታ ነው። አንገቷን መዝዛ፣ ላባዋን ነፍታ፣ ድመቷን ፊት ለፊት እያየች ቆመች። ሁለት ዓይነት አደጋ፣ ሁለት ዓይነት ቃል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ክሪስቶፈር ኢቫንስ፣ ሊንዳ ኢቫንስና ያው ፒተር ማርለር እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት ለዶሮዎች የተቀዳ ድምፅ ብቻ አሰምተዋቸው ነበር፤ በአካባቢው አሞራም ሆነ ሌላ አዳኝ አልነበረም። የሰማይ አደጋ ማስጠንቀቂያውን የሰሙት ዶሮዎች ዝቅ ብለው ወይም ወደ መጠለያ ሮጠው ወደ ላይ አዩ፤ የምድር አደጋውን የሰሙት ደግሞ አንገታቸውን አስረዝመው ቆመው ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ድምፁ ራሱ፣ የሚታይ ነገር ሳይኖር፣ አደጋው ከየት እንደሚመጣ ነግሯቸዋል ማለት ነው። ስለዚህ ከጎረቤትዎ ወይም ከዘመድዎ ግቢ ዶሮ ካለ፣ አንድ የእሑድ ጠዋት ከእርሷ ጋር ያሳልፉ። ከዶሮ የተማሩት ጆሮ ለዱር ወፍም ያገለግላል፤ መጀመሪያ የምታንጎራጉርበትን ድምፅ፣ ቀጥሎ ያ ድምፅ የሚቋረጥበትን ቅጽበት፣ ከዚያም ዓይኗ ወደ የት እንደ ሄደ ማየት ነው።

አሁን ወደ ሰሚት ልምጣ። አንድ ቦታ ይምረጡና አይለውጡት። ከፎቅዎ በታች ባለው ሣር ዳር የሚገኝ ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ አካባቢዎ ቤተ ክርስቲያን ካለና ቅጥሩ ውስጥ የቆዩ ጽዶችና ወይራዎች ካሉ ደግሞ ከዚያ የተሻለ አያገኙም፤ በየአገሩ እንደምናውቀው የቆየ ዛፍ ብዙ ጊዜ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነውና። ይህም ባይመች መስኮትዎ ይበቃል። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ በጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ስልክ ሳይዙ ሃያ ደቂቃ ይቀመጡ። ውጭ ከተቀመጡ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የሚሰሙት ስለ እርስዎ የሚነገረውን ነው፤ መምጣትዎ ወፎቹን አስነሥቷቸዋልና። ዝም ብለው ከቆዩ ግን ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፤ ድንቢጦቹ ከአጥሩ ወደ አቧራው ይወርዳሉ፣ አቧራ መታጠባቸውን ይቀጥላሉ፣ እርስ በርሳቸውም ይጣላሉ። ይህ ሲሆን የዘወትሩን ድምፅ መስማት ጀመሩ ማለት ነው። አሰልቺ ይመስልዎት ይሆናል። ለእኔ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አሰልቺ ነበር፤ ያለዚያ አሰልቺ ጊዜ ግን ለውጡን የምናወዳድርበት ነገር አይኖረንም።

ገና ሲነጋጋ «ሃ፣ ሃ፣ ሃ» እያሉ በፎቁ አናት የሚያልፉትን ጋጋኖዎች ሳይሰሙ አይቀሩም፤ ምንቃራቸው ረጅምና ወደ ታች የቆለመመ፣ በክንፋቸው ላይ ነጭ ያለባቸው፣ ከጉሮሯቸው ትንሽ ሥጋ የተንጠለጠለባቸው ትላልቅ ጥቁር ወፎች ናቸው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኙም፤ የአዲስ አበባ ሰው ግን በጩኸታቸው እየነቃ ዕድሜውን ሲጨርስ አንድ ጊዜ እንኳ «ወዴት ነው የሚሄዱት?» ብሎ አይጠይቅም። ማታ በአንድ ዛፍ ላይ ተሰብስበው ያድራሉ፤ ጠዋት ከዚያ ተነሥተው ረጅሙን ምንቃር ወደሚሰኩበት ለስላሳ መሬት፣ ትልና እጭ ወዳለበት ሣር ይበራሉ፤ ሲመሽም ይመለሳሉ። አቅጣጫቸውን ይመዝግቡ፤ ብዛታቸውን ይቁጠሩ። ዝናብ ባደረ ማግስት መንገዳቸው ይለወጥ እንደ ሆነ፣ ጭጋግ ባለበት ቀን ስንት ደቂቃ እንደሚዘገዩ ይመልከቱ። በሦስት ወር ውስጥ የሰሚትን እርጥበት ከእነርሱ በረራ ማንበብ ይጀምራሉ።

ከሥጋ ቤቱ በላይ የሚዞሩትን ጭልፊቶች ሲያዩ ደግሞ ጣሪያው ላይ ያሉትን ርግቦች ይመልከቱ። ርግቦቹ ጭልፊቱን ለምደውታል፤ ፍርፋሪና የወደቀ ሥጋ ፈላጊ መሆኑን ያውቃሉ፤ ስለዚህ በአናታቸው ሲያልፍ ብዙም አይነቃነቁም። አንድ ቀን ግን ሁሉም በአንድ ቅጽበት፣ አንድ ሰው እንደ በተናቸው፣ ተነሥተው ጥብቅ ብለው በሰማይ ሲዞሩ ያያሉ። ያን ጊዜ ርግቦቹን ይተዉና ከእነርሱ በላይ ያለውን ሰማይ ይፈልጉ፤ ክንፉ ሹል የሆነ፣ እንደ ጭልፊቱ የማይንሳፈፍ፣ ወፍ እያሳደደ የሚይዝ ሌላ አሞራ አልፎ ይሆናል። የትኛው አሞራ አደገኛ እንደ ሆነ ከመጽሐፍዎ ይልቅ ርግቦቹ ቀድመው ይነግሩዎታል።

ከፎቁ ሥር ቁጥቋጦ ካለ፣ ደረቷ ብርቱካናማ፣ ከዓይኗ በላይ ነጭ መስመር ያላት አንዲት ወፍ በጎሕና በምሽት ጭለማ ዳር በጣፋጭ ዜማ ስትዘምር ይሰማሉ፤ የሌሎችንም ወፎች ድምፅ እየቀዳች ትቀላቅላለች። ስሟን ምናልባት ከስድሳዎቹ መካከል አግኝተውት ይሆናል። አሁን የምለምንዎት ዜማዋን አቁማ ሻካራውን ድምፅ ስትጀምር ዓይንዎን ጨፍነው እንዲገምቱ ነው፤ ድመት ናት ወይስ ሰው? ቆማለች ወይስ እየሄደች ነው? ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ? ግምትዎን በማስታወሻ ደብተር ላይ ከጻፉ በኋላ ብቻ ዓይንዎን ይክፈቱና ያረጋግጡ። ትክክል የሆኑትንም ያልሆኑትንም ይጻፉ፤ የተሳሳቱት ግምቶች የበለጠ ያስተምራሉ። ከዚህ የላቀ መምህር አላገኘሁም።

እኔ ራሴ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የሠራሁትን ጥፋት ልንገርዎት፤ እስካሁን ይከነክነኛል። መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ካሜራዬን ይዤ ስዞር አንዲት ትንሽ ወፍ ከጽድ ቅርንጫፍ ላይ ሆና «ጭክ፣ ጭክ» እያለች በቅርብ ርቀት ቆመችልኝ። አልሸሸችም፤ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው እየዘለለች መልሳ ወደ እኔ ትዞራለች። የለመደችኝ መሰለኝ፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እየተጠጋሁ ፎቶ አነሣኋት። ማታ ቤቴ ገብቼ ፎቶዎቹን አጉልቼ ስመለከት በሁሉም ላይ በምንቃሯ አንድ አረንጓዴ ትል ይዛለች፤ በአንዱም ላይ አልዋጠችውም። ምግብ ይዛ የማትውጥ ወፍ የሚጠብቋት ልጆች አሏት። እኔ የቆምሁት በእርሷና በጎጆዋ መካከል ነበር፤ እንደ ዝማሬ የሰማሁት ድምፅ ጭንቀቷ ነበር። በዚያ ግማሽ ሰዓት ጫጩቶቿ ሳይጎርሱ ቆዩ፤ ጎጆውም ያለበትን ቦታ ቁራ አይቶ ከሆነ ያሳየሁት እኔ ነኝ። በዝርዝሬ ላይ የወፊቱን ስም ጽፌ ነበር፤ ስሙም ትክክል ነበር።

ስለዚህ ወፍ ምግብ ይዛ ሳትውጥ ሲያዩ፣ ወይም ክንፏ የተሰበረ መስላ በፊትዎ መሬት ለመሬት እየተጎተተች ልታርቅዎት ስትሞክር፣ ወይም በራስዎ ላይ እየተወረወረች ስትጮኽ፣ በመጡበት መንገድ ይመለሱ። ሃያና ሠላሳ እርምጃ ርቀው ዝም ብለው ቢቀመጡ ወፊቱ ወደ ልጆቿ ስትገባ ያዩ ይሆናል፤ ያ ከየትኛውም ፎቶ ይበልጣል። በስልክዎ ያለውን መተግበሪያም በተመለከተ አጥብቄ የምለምንዎት ነገር አለ፦ የወፍ ድምፅ እያሰሙ ወፍ አይጥሩ። ወንዱ ወፍ ያን ድምፅ ሲሰማ ክልሉን የሚቀማው ባላጋራ የገባበት ይመስለውና ምግቡን ትቶ፣ አንዳንዴም ጎጆውን ትቶ፣ የሌለ ጠላት ሲፈልግ ይውላል። እኛ ሰላም ብለን የምንጠራቸው በጠብ ቋንቋ ከሆነ ከእነርሱ ምን እንማራለን?

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በጥቅምት መጀመሪያ ስለ ሆነ አንድ ነገር ሳያመልጥዎ ይመልከቱ። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ሰው «የመስቀል ወፍ» ይባላል፤ ይህን ስንል ወፉ መጥቶ የሚሄድ ይመስለናል። በዚህ ስም የሚጠራው ወፍ በየአገሩ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሰው እንዲህ የሚላቸው ግን በክረምትና በመጸው ወንዶቹ ጥቁር ላይ ደማቅ ቢጫ ወይም ቀይ የሚደርቡት፣ አንዳንዶቹም ረጅም ጅራት የሚያወጡት ትናንሽ ጥሬ ለቃሚ ወፎች ናቸው። ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ዝናቡ ሣሩን ባሳደገበትና ዘሩ በሚያፈራበት ወራት ስለ ሆነ፣ ወንዶቹ የሚያጌጡትም በዚያው ወራት ነው። ጥቁሩና ቢጫው ከሣሩ በላይ የጀርባውን ቢጫ ላባ ነፍቶ እየተርገበገበ ሲበር አይተውት ይሆናል። ወራቱ ሲያልፍ ጥቁሩን ልብስ ያወልቅና፣ ከጀርባው ቢጫ በቀር፣ እንደ ሴቷ ቡናማና ሽንትርትር ይሆናል፤ ክንፉን አጥፎ ሲቀመጥም ከድንቢጥ ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ብዙዎቹ የትም አልሄዱም፤ ዓመቱን ሙሉ በእርሻው ዳርና በባዶው ቦታ ከሌሎች ወፎች ጋር ተቀላቅለው ሲለቅሙ ይውላሉ፤ እኛ ግን ልብሳቸውን እንጂ እነርሱን ስለማናውቅ ጠፉ እንላለን። ከፎቅዎ አጠገብ ሣር ያለበት ክፍት ቦታ ካለ እነዚህን ወንዶች አሁን ይለዩና፣ የትኛው ሣር ላይ እንደሚያርፉ፣ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰሙ ይያዙ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ላባቸው ዝንጉርጉር ሲሆን ይከተሏቸው። ጌጡ ከጠፋ በኋላ በአካሄዱና በድምፁ አንዱን እንኳ ለይተው ካወቁት፣ አባትዎ ያውቁ ወደነበረው ዓይነት ዕውቀት ገብተዋል።

ይህ ዕውቀት እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል ለማሳየት የቦረናን ማር ቆራጮች ላንሣ። ማር መሪ የምትባለው ወፍ ሰው ስታገኝ እየጮኸች ትቀርበውና ወደ ንብ ቀፎ ትመራዋለች፤ ሰውየው በጢስና በመጥረቢያ ከፍቶ ማሩን ሲወስድ እርሷ ሰፈፉንና እጩን ትበላለች። ቦረናዎች እርሷን ለመጥራት እፍኛቸውን ገጥመው ወይም በቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚያፏጩት «ፉሊዶ» የተባለ ፉጨት አላቸው። ሁሴን ኢሳቅና ራየር የተባሉ ተመራማሪዎች በሰሜን ኬንያ ቦረናዎችን ለሦስት ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ ማር ቆራጮቹ በማያውቁት ስፍራ ያለ ወፏ ቀፎ ለማግኘት በአማካይ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሲፈጅባቸው፣ ከወፏ ጋር ግን ከሦስት ሰዓት ጥቂት ያለፈ ብቻ እንደ ወሰደባቸው አሳይተዋል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ሌላው ውጤት ነው፤ ቦረናዎቹ አቅጣጫውን ከበረራዋ፣ ርቀቱን ተሰውራ ከምትቆይበት ጊዜና ከምታርፍበት ቅርንጫፍ ከፍታ፣ መድረሳቸውንም ከድምፇ ለውጥ እንደሚያውቁ ተናግረው ነበር፤ ተመራማሪዎቹም ለክተው ሲያዩት ወፏ በእውነት እንዲሁ ታደርጋለች። ሽማግሌዎቹ የተናገሩት በልኬት ተረጋገጠ። የአባትዎም ዕውቀት ከዚሁ ወገን ነው፤ አፈ ታሪክ አድርገው አይዩት።

ስለ ጉጉቷ ከእናትዎ ጋር አይሟገቱ። ጉጉት ሌሊት የምትጮኸው ክልሏን ለማስከበርና ከአጣማጇ ጋር ለመጠራራት ነው፤ አይጥ እየለቀመች ለገበሬ የምትሠራ ወፍ ናት፤ ሞት አትጠራም። ይሁንና እናትዎ ባል የቀበሩ ሰው ናቸው፤ የጉጉት ድምፅ ሲሰሙ ምን ትዝ እንደሚላቸው እርስዎም እኔም አናውቅም። ጉጉት ፍለጋ በሌሊት መውጣትም አያስፈልግዎትም። በቀን ትናንሽ ወፎች አንድ ዛፍ ላይ ተሰብስበው ያንን ሻካራ ጩኸት ሲጮኹ ከሰሙ ቀስ ብለው ከሥሩ ይቁሙና ከግንዱ ጋር ተጠግቶ የተቀመጠውን ቅርጽ ይፈልጉ፤ ጉጉቷን ያሳዩዎት ወፎቹ ይሆናሉ።

ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ አገር ቤት ሲሄዱ አባትዎ ይቀመጡበት በነበረው ደጃፍ፣ ቡና በሚጠጡበት ሰዓት፣ ከእናትዎ ጋር ይቀመጡ። እርስዎ በልጅነትዎ ያልጠየቁትን እናትዎ በትዳር ዘመናቸው ሳይሰሙ አልቀሩም፤ የትኛዋ ወፍ ስትጮኽ «እባብ ነው» ይሉ እንደ ነበረ፣ የትኛዋን ለዝናብ ይሰሟት እንደ ነበረ፣ በምን ስም ይጠሯቸው እንደ ነበረ ይጠይቋቸውና በእናትዎ ቃል፣ ሳያሳምሩ፣ ይጻፉት። የሰሚቱን ደብተር ይዘው ይሂዱ፤ እናትዎ የነገሩዎትን ሦስት ወር ከሰሙት ጋር ሲያስተያዩት አንዳንዱን ድምፅ ከፎቅዎ ሥር ሰምተውት ሊያገኙት ይችላሉ። ከዚያ በፊት ግን ነገ 12 ሰዓት ላይ መስኮቱን ከፍተው ጋጋኖዎቹ ከየት ወደ የት እንደ በረሩ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፉልኝ።